ግማሽ ጢም

እኔ በምሠራበት ክፍል ስንብታችን እንዲህ ነው፦ «ሂድ፣ ሁለተኛ እንዳላይህ።» ለማያውቅ ሰው ስድብ ይመስለዋል። ለሚያውቅ ግን ከዚህ የበለጠ ምርቃት የለም። ክፍሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ነው፤ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመድኃኒት መጋዘኑ አጠገብ። ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን የወሰደባቸው፣ ከመኪና አደጋ የተረፉ፣ አጥንታቸው ተሰብሮ የተጠገነላቸው፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ሃምሳ አለቃ ይሉኛል። ይበሉኝ። ሰው ታሞ ሲተኛ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «አይዞህ፣ አትነሳ፣ እኔ ላቀብልህ» እያለ አልጋ ላይ ያስቀረዋል። በመሃል አንድ ሰው «ተነስ» ካላለው አለቀለት። ያቺ ሰው እኔ ነኝ።

ሌላም ሕግ አለን። ማንም በሙያው ሳይፈተን አይወጣም። ሐኪሞቹ ጉልበቱን በመዶሻ መታ መታ አድርገው፣ ጣት አስጨብጠው፣ «ጎበዝ፣ ድነሃል» ይላሉ። እኔን እሱ አይበቃኝም። ልብስ ሰፊዋ የወጣችው የጋውኔን ቁልፍ ተክላልኝ ነው። አናጢው የክፍሌን በር አስተካክሎ ነው፤ ከዚያ በፊት ሲከፈት እንደ ፍየል ይጮህ ነበር። አስተማሪው ሰሌዳ ስለሌለን ግድግዳዬ ላይ በጠመኔ ከላይ እስከ ታች ጻፈልኝ፣ እስካሁን አላጠፋሁትም። የታክሲ ሹፌሩ ደግሞ የጤና ጣቢያውን አሮጌ አምቡላንስ በዚያ ጠባብ በር የኋሊት አስወጥቶ ነው ያለፈው። ዘበኛችን ያን ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ይህ ሕጌ ያስጨነቀኝ ፀጉር አስተካካዩ የመጡ ጊዜ ነው። የቁልፍ ስፌት ቢበላሽ ይተረተራል። የሰው ጉሮሮ ግን አይተረተርም።

ጋሼ ፀጉር አስተካካይ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው አንገት ላይ ምላጭ ሲያስኬዱ የኖሩ ናቸው። ስትሮኩ ቀኝ እጃቸውን ጥሎባቸው ሲመጡ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋት እንደ ሰነፍ ተማሪ ይገሥጿት ነበር። መጀመሪያ የልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ አስሰካኋቸው። ከዚያ የላስቲክ ኳስ አስጨመቅኋቸው። ጣታቸው መታዘዝ ሲጀምር እሳቸው ራሳቸው ፊኛ ይምጣልኝ አሉ። ልጅ ሆነው ሙያውን ሲለምዱ የተማሩት በእሱ ነው አሉ፦ ፊኛ ይነፋል፣ የሳሙና አረፋ ይቀባል፣ ከዚያ አረፋው በምላጭ ይላጫል። ፊኛው ካልፈነዳ ሰው መላጨት ትችላለህ። እኛ ጋ ግን ለብዙ ጊዜ ሲፈነዳ ከረመ። በፈነዳ ቁጥር መጋዘኑ ውስጥ ያለችው ፋርማሲስት ትደነግጣለች፣ ጋሼ ይስቃሉ፣ እኔ ሌላ እነፋለሁ።

ሲስቁ ባይም ልባቸው የት እንዳለ አውቃለሁ። ሱቁ የእሳቸውና የሚስታቸው ወንድም ነው። የጋሼ ወንበር በአንሶላ ተሸፍና ትጠብቃቸዋለች። የሚስታቸው ወንድም ግን «እስከ ክረምቱ መግቢያ ነው የምታገሥህ፤ ወንበሯን የሚፈልግ ወጣት አግኝቻለሁ» ብሏቸዋል። እሳቸውን ከዚያች ወንበር ማንሳት ከሰው ተራ ማውጣት ነው። ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ መጋዘኑ ውስጥ ገብቼ።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ በዚህ መሃል ነው የመጣው። አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው። ከክፉ ሰው ጋር ተጣልተህ ይወጣልሃል፤ ከፈሪ ጋር እንዴት ብለህ ትጣላለህ? ግድግዳው ላይ ሠንጠረዥ ለጥፏል። የሌሎቹ ክፍሎች መስመር ሽቅብ ይወጣል፣ የእኔ ቁልቁል ይወርዳል።

«እህቴ፣ ምርትሽ ወድቋል» አለኝ።

«ምን ምርት? እኔ ገበሬ ነኝ?»

«መንግሥት የትምህርት፣ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎትን ምርት እየለካ ነው። ለአገሪቱ ሀብት ምን ያህል እንደምናዋጣ ማወቅ ይፈልጋል። የአንድ ክፍል ምርት ደግሞ ሰው ወደዚያ የተመላለሰበት ብዛት ነው። ያንቺ ሰዎች ቶሎ ቶሎ ይቀሩብሻል።»

«አይቀሩም። ይድናሉ።»

«ያው ነው፤ አይመጡም።»

እንግዲህ ዓይኑን በጨው ታጥቦ የሚለኝ ይህን ነው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና መላውን ነገረኝ። አንዱን ልምምድ ለሁለት ክፈይው፣ ዛሬ እግሩን ነገ እጁን አድርጊው፣ የዳኑትንም አልፎ አልፎ ለምርመራ ጥሪያቸው። መርፌ ክፍሏ እንደዚያ አድርጋ መስመሯ ተቃንቶላታል።

«የዳነን አልጠራም» አልኩት። «ያልዳነንም አላመላልስም። ከፈለግህ ክፍሉን በጡብ ድፈነው።»

«እኔ ባልደፍነው እነሱ ይደፍኑታል። አጣሪ ሊልኩ ነው። ቁጥሩን ካልወደደው ክፍልሽ ለመርፌ ክፍል ይጨመራል፣ አንቺም ካርድ ክፍል ትገቢያለሽ።»

አጣሪው ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ታናሽ ወንድሜ። ቤት ውስጥ ቁጥሬ ነው የምንለው። ልጅ ሆኖ የየሳሕናችንን እያየ «ለእሷ አበዛሽላት» እያለ እናታችንን መውጫ መግቢያ የሚያሳጣ ፍጡር ነበር። አድጎ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ገባ፣ አሁን ለዚያው ጠባዩ ደመወዝ ይከፈለዋል። እሑድ ቤቴ መጣ። ትልቅ ሰው ለመምሰል ያሳደጋት ጢሙ ጉንጩን ሞልታለች፤ ሚስቱም ወዳለታለች።

«እትዬ፣ የምመጣው እኔ ነኝ» አለኝ። «እህቴ ናት ብዬ ነግሬያቸው ነበር። አለቃዬ ‹እህትህ ከሆነችማ ትጨክናለህ፣ ሂድ› አሉኝ።»

«አውቀውሃል። ና እስቲ ተቀመጥና ይህን ምርት የምትሉትን አስረዳኝ። የታክሲ ሹፌሩ ከእኔ ድኖ ወጥቶ መኪናውን ሲነዳ፣ ያ የእኔ ምርት ነው?»

«አይደለም። እሱ ትራንስፖርት ውስጥ ይገባል።»

«አስተማሪው ሲያስተምርስ?»

«ትምህርት።»

«ልብስ ሰፊዋስ?»

«ኢንዱስትሪ» አለ፤ ይሄኔ እሱም ማፈር ጀምሯል።

«የእኔ የቱ ነው ታዲያ?»

«ያንቺማ... መመላለሳቸው ነው።»

«እንግዲያው አሳምሬ የሠራሁ ዕለት ምንም አልሠራሁም።»

ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «እትዬ፣ መለኪያው ጎዶሎ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን በር የሚገባውን ሰው መቁጠር ይቻላል። ወጥቶ የሚሆነውን ማን ተከትሎ ይቆጥረዋል? ያልተቆጠረ ደግሞ በጀት አያገኝም። ባዶ ከጻፍኩልሽ ባዶ ነው የሚሰጡሽ።»

አላበለም። ያናደደኝም አለማበሉ ነው። እራት ሳላበላው ሰደድኩት።

አጣሪው በሚመጣበት ጠዋት ኮሪደሩ ውስጥ ስገባ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ለካ ሥራ አስኪያጁ ለእኔ ሳይነግር ያዳንኳቸውን ሰዎች ሁሉ በስልክ ጠርቷቸዋል። «ሃምሳ አለቃ ክፍሏ ሊዘጋባት ነው፤ ኑና በሽተኛ ሆናችሁ ተቀመጡላት» ብሏቸዋል። እነሱም ሥራቸውን ጥለው መጡ። ሁሉም አንካሳ ሆነዋል። የአናጢው የታመመ እግር ግራው ነበር፤ እሱ በቀኙ ያነክሳል። ልብስ ሰፊዋ እጇን በሻሽ አንጠልጥላ በዚያው እጅ ስልኳን ትነካካለች። ሹፌሩ ከየት እንዳመጣው እንጃ ክራንች ይዟል፣ አያያዙ ግን የመጥረጊያ ነው። አስተማሪው ሲያየኝ ደህና አድርጎ ቃተተ።

ሆዴ ባባ። እንዲህ የሚወደኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። እነዚህን ሰዎች ከአልጋ ለማስነሳት ስንት ጊዜ ጮኼያለሁ፣ ስንት ጊዜ ረግመውኛል፤ አሁን እኔኑ ሊያድኑ ተመልሰው ሽባ ይሁኑልኝ? አልዋጥልሽ አለኝ።

ይህን ሳስብ ሥራ አስኪያጁ ወንድሜን ይዞ ደረሰ። «እንደምታየው ክፍላችን ሕዝብ አይጠፋበትም» አለው። ቁጥሬ እንደ ልማዱ ብዕሩን አወጣና ከዳር ጀምሮ በዓይኑ መቁጠር ያዘ።

«አትቁጠር» አልኩት። «ብዕርህን መልስ።» ከዚያ ወደ አናጢው ዞርኩ። «አንተ፣ የታመመው የትኛው እግርህ ነበር?»

«ይሄኛው... ማለቴ ያኛው።»

«ተነስ።»

ተነሳ፣ ቀጥ ብሎ።

«ሥራ የለህም?»

«አለኝ። የሙሽሮች ቁም ሣጥን ጀምሬያለሁ፣ ለቅዳሜ ይፈልጉታል።»

«እና እዚህ ምን ትሠራለህ? ሁለተኛ እንዳላይህ አላልኩህም?»

አናጢው ሥራ አስኪያጁን አየ፣ እኔን አየ፣ ኮፍያውን አጠለቀና ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ሳልጠራት ሻሹን ከአንገቷ ፈታች። «ሃምሳ አለቃ፣ ውለታሽን ልንመልስ ነበርኮ» አለችኝ። «ውለታዬን የምትመልሺው ሰፍተሽ ነው» አልኳት፤ ሳመችኝና ወጣች። አስተማሪው ክፍሉን ለሌላ አስተማሪ ጥሎ ነው የመጣው። «እኛም ጋ እንዲሁ ሆኗል» አለ ለወንድሜ። «ጎብዞ ያለፈ ልጅ አንዴ ነው የሚቆጠረው፤ ወድቆ የደገመ ሁለቴ። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤትህ የሚጠቅመው የሚወድቅልን ነው።» ሹፌሩ ክራንቹን ለዘበኛው ሰጠና «መንገዳችን አንድ የሆነ ኑ፣ ላድርሳችሁ» ብሎ አሥር የሚሆኑትን በታክሲው ጭኖ ነጎደ።

«ያውልህ፣ የትራንስፖርት ምርትህ ሄደልህ» አልኩት ወንድሜን።

ሥራ አስኪያጁ አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። «ጨረስሽን» አለኝ በቀስታ።

ቁጥሬ ብዕሩን እንደያዘ ነው። «አሁን ስንት ሰው አለሽ፣ እትዬ?»

«አንድ።»

ጋሼ ፀጉር አስተካካይ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ሁሉን ሰምተዋል። ፊት ለፊታቸው አረፋው ሙልጭ ብሎ የተላጨ ፊኛ አለ። አልፈነዳም። ሰሞኑንም አንድ አልፈነዳባቸውም።

«ፊኛ በቃኝ» አሉ። «ፊት ስጡኝ።»

እኔ ጢም የለኝ። ሥራ አስኪያጁ ጢሙን በየጠዋቱ የሚላጭ ሰው ነው፤ ቢሆንም አገጩን ይዞ ሸሸት አለ። ሁላችንም ወንድሜን አየነው።

«ሚስቴ...» አለ።

«ሚስትህን እኔ አናግራታለሁ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። እህቱ ነኝና አውቀዋለሁ፣ ልጅ ሆኖም ሲፈራ ጆሮው ይቀላ ነበር። ጋሼ ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰሩለት፣ ፊቱን በሞቀ ውሃ አራሱለት፣ አረፋውን በብሩሽ እያዞሩ ቀቡት። በግራ እጃቸው ጉንጩን ወጠር አደረጉና ምላጩን አሳረፉ። እኔ ክንዳቸው ሥር መዳፌን ዘርግቼ ቆሜያለሁ፣ ሳልነካቸው። ምላጩ ሲወርድ ያ የምናውቀው ድምፅ መጣ፣ ከርከር የሚለው። ጋሼ ወሬ ጀመሩ፤ ሱቃቸው ያሉ ይመስል ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሚስታቸው ወንድም ስግብግብነት ለቁጥሬ ያወሩለታል። እሱም እንዳይንቀሳቀስ በዓይኑ ብቻ እሺ ይላቸዋል። አንዱ ጉንጭ አለቀ። ከአገጩ ሥር እስከ ጉሮሮው መሃል ድረስ ጥርት አለ፣ አንዲት ጠብታ ደም የለም። ደስታዬ መተንፈሻ ነሳኝ።

ወደ ሌላው ጉንጭ ሲዞሩ ክንዳቸው መዳፌን ነካ። ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ወዲያው ምላጩን አነሱ።

«ለዛሬ ደክማለች» አሉ፣ እጃቸውን እያዩ። «በግድ ከቀጠልኩ ልጁን አርደዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ በዓይኑ ይለማመጠኛል፤ «አለፉ በይ፣ ድነዋል በይ፣ አንድ እንኳ ውጤት ይጻፍልን» ነው። ወንድሜም ይጠብቃል። አለፉ ብል ማንም አይጠይቀኝም። ግን እሳቸው ያንን ቃል ይዘው ሱቃቸው ይሄዱና የሰው ጉሮሮ ላይ ይንቀጠቀጣሉ።

«አላለፉም» አልኩ። «ግማሽ ነው።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ናት» አሉ። ከዚያ ወንድሜን ጠየቁት፦ «ክፍሉ ይዘጋል አይደል፣ ልጄ? የቀረችውን ግማሽ እንግዲህ የት ሄጄ ልማራት?»

ቁጥሬ መስተዋቱን አነሳ። አንድ ወገኑ ሕፃን፣ አንድ ወገኑ ሽማግሌ ሆኗል። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ምላጭ እንዳለው ነገረው፣ በሦስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። እኔም ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ዝም በይ፣ እትዬ» አለኝ ወንድሜ። ዝም ብያለሁ፤ እሱ ዝም በይ ብሎኝ ዝም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ፎጣውን ፈታና አረፋውን ጠረገ። «የቀረው የእሳቸው ሥራ ነው። ማንም አይነካውም» አለና እንደዚያው ሆኖ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ።

የሆነውን ኋላ ነው የነገረኝ። ስብሰባ ላይ ገባ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አለቃው ምን ሆነህ ነው ቢሉት «ያላለቀ ምርት ነው» አላቸው። «የሠራው ክፍል ከተዘጋ እንዲህ እንደሆንኩ እቀራለሁ። መመላለሱን ከፈለጋችሁ አንድ ብላችሁ ጻፉ። የቀረውን ግን ፊቴን እያያችሁ ቁጠሩት።» ተላጭና ና ተባለ፣ አልላጭም አለ። ማስጠንቀቂያ ጻፉበት። በማግስቱም ያንኑ ፊት ይዞ ገባ። የተላጨውን ወገን በየጠዋቱ ራሱ ይላጫል፣ ሌላውን አይነካም፤ ልዩነቱ እንዳይጠፋ። መንገድ ላይ ልጆች ይከተሉታል። የጠየቀው ሁሉ ታሪኩን ይሰማል፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ባንክ ሰልፍ ላይ፣ ሊፍት ውስጥ። ሚስቱ ደወለችልኝ። «ምን አድርገሽ ነው የላክሽልኝ? በየትኛው በኩል ልተኛ?» አለችኝ። ያን ሁሉ ቀን የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው። ያ የምንቀው ቁጥሬ፣ ሳሕን ቆጣሪው ወንድሜ፣ እንዲህ ያደርጋል ብሎ ማን ያስባል? ኮርቼበታለሁ።

በመጨረሻ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ የሚያዩ የውጭ እንግዶች ሊመጡ ሆነና አለቃው ጨነቃቸው። «ሰውዬው እስኪጨርሱ ክፍሉ ይቆይ፤ ብቻ ይህን ጉድ ከፊቴ አንሱልኝ» አሉ። ቆየ።

ጋሼ የቀረውን ግማሽ የላጩት ደመናው መክበድ በጀመረበት ሰሞን ነው። ክንዳቸው መዳፌን አልነካም። ሲጨርሱ የቁጥሬን ጉንጭ በመዳፋቸው ፈተሹ፣ ምላጩን አጥበው አጠፉት፣ እኔን ጠበቁ።

«አልፈዋል» አልኳቸው። «ሂዱ ጋሼ። ሁለተኛ እንዳላይዎት።»

«አታይኝም» አሉ። እንባቸውን በዚያው በዳነው እጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው ደረሱ፣ አንሶላዋን ገፈፉ፤ ክረምቱ ገና አልገባም ነበር።

እኛም ባዶ ክፍል ውስጥ ቀረን፣ እኔና ወንድሜ። ሥራ አስኪያጁ በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

«ዛሬ ስንት ሰው አለሽ?»

«ማንም የለም።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ማንም የለም ብለህ ጻፍ። በትልቁ ጻፈው።»

«የመዝጊያው ደብዳቤ ሰኞ ይመጣል» አለ። እኔን ሳይሆን ወለሉን እያየ ነው የሚናገረው።

«ይምጣ።»

እሱ ሳይወጣ ሁለት ሰዎች አንድ ጎልማሳ ደግፈው አስገቡ። ከሕንፃ ላይ ወድቆ ዳሌውና እግሩ ተሰብሮ የተጠገነለት ነው። ሙያውን ጠየቅሁት። ግንበኛ ነኝ አለ።

ወንድሜ እጁን ወደ አገጩ ሰደደ፤ ምንም የለም። «እንደገና ላሳድገው ይሆን?» አለኝ።

«አያስፈልግም። ይሄኛው በጢም አይደለም የሚፈተነው» አልኩት። «መቆም ሲችል አለቃህ ቢሮ በር ላይ ግማሽ ግድግዳ እናስጀምረዋለን።»

ሥራ አስኪያጁ በሩን ለቆ ሄደ። ደጋፊዎቹ በሽተኛቸውን የሚያስቀምጡበት ወንበር በዓይናቸው ይፈልጋሉ። ወንበሩን በእግሬ ወደ ግድግዳው ገፋሁትና ግንበኛው ፊት ቆምኩ።

«ልቀቁት» አልኳቸው። «አንተ፣ በእግርህ ቁም።»